ለማሽን ክፍል ታብሌት ከመግዛትዎ በፊት ማስመሪያ ያንሱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አነስተኛ የብረታ ብረት ፋብሪካ አለን። 12 የሥራ ቦታ ነው፤ አራት ቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ ሁለት ፍሬዛ (መቁረጫው እየተሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ አንድ የላሜራ ማጠፊያ፣ ሦስት የብየዳ ቦታና ሁለት የመገጣጠሚያ ጠረጴዛ። እስከ ዛሬ ድሮዊንግ (የሚሠራው ዕቃ ልኬት ያለበት ሥዕል) እና የሥራ መመሪያ እያተምን ነው የምናድለው። ወረቀቱ በዘይት ይጨማለቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። በቅርቡ ደግሞ በአሮጌ ሪቪዥን፣ ማለትም በቀድሞው የድሮዊንግ እትም፣ የተሠራ ሙሉ ትዕዛዝ ጣልን። ፒዲኤፍ ብቻ የሚያሳይ ርካሽ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እንፈልጋለን። ታብሌት፣ ኢ-ሪደር ወይስ ስልክ? ስንት ኢንች? በጀታችን ጠባብ ነው።»

መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። ለ12 ቦታ 12 ታብሌት አይግዙ። ለቶርኖዎቹ፣ ለፍሬዛዎቹና ለላሜራ ማጠፊያው ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር ከማሽኑ አጠገብ ያቁሙ። ለመገጣጠሚያው ባለ 10 ወይም ባለ 11 ኢንች ታብሌት ሁለት፣ ለሦስቱ የብየዳ ቦታዎች በጋራ አንድ፣ እየተዘዋወረ ለሚለካው የጥራት ተቆጣጣሪ አንድ፣ ለመጠባበቂያ አንድ ይግዙ። ኢ-ሪደር ለእናንተ ሥራ አይሆንም። ስልክ ደግሞ ለማጣራት እንጂ ለማንበብ አይበቃም። ተንቀሳቃሽ ነገር ጠይቀው ስለ ሞኒተር ማውራቴ ግር ሊልዎ ይችላል፤ ግን የቶርኖ ሠራተኛ ፈረቃውን ሙሉ አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። የሚንቀሳቀሰው ቁራጩ እንጂ ሰውዬው አይደለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ብዙ ፋብሪካዎች ዋጋና ኢንች አይተው ይገዙና ሰነዱን ከዚያ በኋላ ይጭኑበታል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ካሏችሁ ድሮዊንጎች ሁሉ ጽሑፉ በጣም የደቀቀውን አንዱን ያውጡና የትንሿን ቁጥር ቁመት በካሊፐር (በረቂቅ መለኪያ) ይለኩ። በወጉ የተሣለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ፤ አይኤስኦ 3098 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለድሮዊንግ ጽሑፍ ካስቀመጣቸው መደበኛ ቁመቶች አንዱ ነው። ከዚያ ሠራተኛው በተለመደው አቋሙ ቆሞ ሳለ ከዓይኑ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ይለኩ። በእጅ የተያዘ ታብሌት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክንድ ላይ የተሰቀለ 60 ወይም 70 ይደርሳል። ርቀቱን ለ200 ሲያካፍሉ፣ ዓይን ሳይጨነቅ የሚያነበው ትንሹ የፊደል ቁመት ይወጣል። በ40 ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ሜትር፣ በ60 ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ይህን ስሌት በእናንተ ድሮዊንግ ላይ እንሞክረው። ኤ3 ወረቀት 420 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ባለ 10.1 ኢንች ታብሌት በጎኑ ሲያዝ ስክሪኑ 217 በ136 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሙሉው ድሮዊንግ እዚያ ላይ እንዲገባ ከራሱ መጠን 46 በመቶ ያህል ብቻ እስኪሆን ማነስ አለበት፤ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ቁጥር 1.15 ይሆናል። ይህን ለማንበብ ስክሪኑን ከዓይን 23 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ማስጠጋት ይጠይቃል፤ ማንም እንደዚያ አድርጎ አይሠራም። ታብሌቱ በጣም ርካሹ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ጥራቱ 1280 በ800 ፒክስል ከሆነ፣ ለዚያ ቁጥር ቁመት የሚደርሰው ሰባት ፒክስል እንኳ አይሞላም። በሰባት ፒክስል 3 እና 8 መንትያ ናቸው። በሳሎን ወንበር ላይ ፊልም ስታዩበት ያማረ ስክሪን፣ ቶሌራንስ (የሚፈቀደው የልኬት ልዩነት) ሲነበብበት ቁራጭ ያስጥላል።

«ማጉላት ይቻላል እኮ» ይባላል። ይቻላል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ የቶርኖ ሠራተኛ አጠገብ ቆሜ አየሁ። የዘንጉን ጫፍ አጉልቶ ዲያሜትሩን አነበበ፣ ትክክል ቆረጠ፣ ካሊፐሩም ትክክል አለ። የድሮዊንጉ የታችኛው ጥግ ላይ ግን «ያልተጠቀሱ ጠርዞች ሁሉ 0.5 በ45 ዲግሪ ይቆረጡ» የሚል ማስታወሻ ነበር። ሲያጎላው ማስታወሻው ከስክሪኑ ውጪ ወጣ፤ 30 ቁራጭ ጠርዙ እንደተሳለ ወደ መገጣጠሚያ ሄደ። ሪቪዥኑ የሚጻፍበት ሳጥንም እዚያው ጥግ ላይ ነው። በወረቀት ሥራ ዓይን ሳያስበው ጥግ ጥጉን ይቃኛል፤ በጎላ ስክሪን ላይ ግን የማይታየው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሙሉ ድሮዊንግ በአንድ እይታ መታየት አለበት የምለው።

ባለ 24 ኢንች ሞኒተር 531 በ299 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ3ን በሙሉ መጠኑ፣ መቶ በመቶ ይይዛል፤ ከጎኑም ለመመሪያው ቦታ ይተርፈዋል። 2.5 ሚሊ ሜትሩ ቁጥር 2.5 ሆኖ ይቀራል፤ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያለ ችግር ይነበባል። ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ደህና ታብሌት ይረክሳል። ከኋላው በ75 በ75 ወይም በ100 በ100 ሚሊ ሜትር የተቀመጡት አራት የብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ብቻ ያረጋግጡ፤ እነሱ ካሉ ክንዱን የእናንተው ወርክሾፕ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋን የሌለው ይሁን። ፋን ያለውን ማሽን ክፍል ውስጥ ካስቀመጡት የብረት ብናኝ እየሳበ ቦርዱ ላይ ያከማቻል፤ ብናኙም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ከሞኒተሩ ኋላ ቢታሰር ፒዲኤፍ ለማሳየት ይበቃል። ገጽ ለመቀየር ማውስ አያስፈልግም፤ ትልልቅ ቁልፍ ያላት የቁጥር ኪቦርድ በፕላስቲክ ተሸፍና ብትቀመጥ ጓንት ለብሶም ይጫኗታል።

ያገለገለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት የሚያስቡ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በጅምላ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ወደ ዊንዶውስ 11 የማይሸጋገሩ ናቸው። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት በዊንዶውስ ፈንታ የሚጭንላችሁ ሰው ካለ ጥሩ ግዢ ናቸው፤ ከሌለ ይለፏቸው።

ወደ ታብሌቱ እንመለስ፤ ለመገጣጠሚያው ያስፈልጋልና። እዚያ የሚነበበው ኤ3 ድሮዊንግ ሳይሆን በኤ4 የተጻፈ መመሪያ ነው። ኤ4 ቀጥ ብሎ በተያዘ ባለ 10.1 ኢንች ታብሌት ላይ ወደ 65 በመቶ ያንሳል፤ በ11 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈው 7 ነጥብ ይሆናል። የስክሪኑ ቅርጽም የራሱ ለውጥ ያመጣል። ረዘም ያለው 16 በ10 ቅርጽ ለፊልም እንጂ ለወረቀት አልተሠራም። 4 በ3 የሆነው ለኤ4 ይቀርባል፤ ለምሳሌ ያገለገለ ባለ 10.2 ኢንች አይፓድ ኤ4ን በ70 በመቶ ያሳያል። ባለ 13.3 ኢንች 4 በ3 ስክሪን 91 በመቶ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ከእናንተ በጀት ያልፋል፣ ለአንድ እጅም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ የሚረክሰውን ነገር ልንገርዎ፦ መመሪያዎቹን ለስክሪኑ እንደገና ማዘጋጀት። ገጹን ከኤ4 ወደ 16 በ10 ጎናዊ ቅርጽ ይቀይሩ። በአንድ ገጽ አንድ እርምጃ ብቻ፣ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት መስመር በ16 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ። ገጹ ልክ እንደ ስክሪኑ ስለሆነ ማጉላት አይኖርም፤ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። የብሎኑ ማጥበቂያ ኃይል በጽሑፍ መሃል አይቀበር፤ ለብቻው በትልቁ ይቀመጥ። ስንት እርምጃ እንዳለና የትኛው ላይ እንደተደረሰ በየገጹ ጥግ ይጻፍ። ይህን ካደረጉ ርካሹ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ከውዱ ባለ 13 ኢንች የተሻለ ያገለግላችኋል። አንድ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ይደክምበታል፤ ፍሬው ግን ዓመታት ይቆያል። ፒዲኤፉ ሲቀመጥ ፎንቱ አብሮ እንዲታሸግ ያድርጉ። ያለዚያ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ያማረው ገጽ ታብሌቱ ላይ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይከፈታል፤ በተለይ ከላቲን ውጪ በሆኑ ፊደላት ለሚጽፍ። ፒዲኤፍ/ኤ የሚባለው አቀማመጥ ፎንቱ እንዲታሸግ ያስገድዳል።

ኢ-ሪደርን ለምን ጣልኩት? መሣሪያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ስክሪኑ እንደ ወረቀት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ገጹ ካልተቀየረ ባትሪ አይበላም። ሲያጎሉና ሲያንሸራትቱ ግን ይዘገያል፣ የቀድሞው ገጽ ጥላም ይቀራል። ቀለም ካለውም የደበዘዘ ነው፤ በፎቶ ላይ ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት ላይቻል ይችላል። በውስጡ ያለው መስታወት ስስ ስለሆነ ትንሽ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። የትልልቆቹ ዋጋ ደግሞ ከተራ ታብሌት ይበልጣል። ጽሑፍ ብቻ የሚያነብና ደጅ የሚውል ሰው ቢኖራችሁ ኖሮ እመክረው ነበር።

ስልክ ላይ ኤ4 ከራሱ መጠን 32 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ታብሌቱን ሲመርጡ እኔ የማልደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ስክሪኑ ከ1920 በ1200 ፒክስል አይነስ። ራም (መሣሪያው ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) ከ4 ጊጋባይት አይነስ፤ ከድሮዊንግ ሶፍትዌር በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሊኖሩት ይችላል፣ ደካማ ታብሌትም እያንዳንዱን መስመር እንደ አዲስ ሲስል ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የመያዣው መጠን ግን አያሳስብዎ፦ ሁለት ሜጋባይት የሆኑ 2000 ሰነዶች ቢኖሩ 4 ጊጋባይት ናቸው። የሴኪዩሪቲ ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚደርሰው ሻጩን ይጠይቁ። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ከድሮዊንጎቻችሁ ከባዱን በፍላሽ ይዘው ይሂዱና እዚያው ይክፈቱት። በወረቀት ላይ የተጻፈ የፕሮሰሰር ስም ይህን ያህል አይነግርዎትም።

«ራግድ» የሚባሉትን ጠንካራ ታብሌቶች ይግዙ የሚል ምክር ይደርስዎታል። ምልክቶቹን እንዴት እንደሚያነቡ ልንገርዎ። አይፒ 67 ሲል 6 አቧራ ፈጽሞ አያስገባም ማለት ነው፤ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ተነክሮ ይተርፋል ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ ፈተናው በውሃ ነው። ስለ መቁረጫ ዘይት፣ ስለ ኩላንት፣ ስለ ማጽጃ ኬሚካል ምንም አይልም፤ ጎማውን የሚያለሰልሰውና ሙጫውን የሚያላቅቀው ግን እሱ ነው። ሚል-ስታንዳርድ 810 የሚለው ጽሑፍም (የአሜሪካ ጦር የፈተና ደረጃ ነው) ከ1.22 ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ ተጥሎ ተፈትኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ፈተና እንደተሠራ የሚወስነውና የሚፈትነው ብዙውን ጊዜ አምራቹ ራሱ ስለሆነ ዝርዝሩን ያንብቡ። ለእናንተ አምስት ታብሌት ተራ መሣሪያ በወፍራም የጎማ ሽፋን ይበቃል። አንዱን ብቻ፣ እየተዘዋወረ የሚሠራው ተቆጣጣሪ የሚይዘውን፣ ከፍ ካለው ዓይነት ማድረግ ይቻላል። እንደ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ አክቲቭ ያሉት ባትሪያቸው በእጅ ይወጣል፣ በጓንትም ይነካሉ፤ ያገለገለ ቢገኝ አይለፉት።

አሁን የምነግርዎትን ማንም ሻጭ አይነግርዎትም፤ እኔም የተማርኩት በኪሳራ ነው። በአንድ ወርክሾፕ ቀጫጭን ታብሌቶች ከሚታጠፍ ሽፋናቸው ጋር ገዛን። ሽፋኑ የሚዘጋው በማግኔት ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ስከፍተው የሽፋኑ ጠርዝ ጢም አብቅሎ ጠበቀኝ፦ ማግኔቱ በተቀመጠበት መስመር ሁሉ የብረት ብናኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሽፋኑ በተዘጋ በተከፈተ ቁጥር ያ ብናኝ ስክሪኑን ይሞርደው ነበር። የድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎቹም በብናኝ ተደፍነው ነበር፤ ስፒከር ውስጥም ማግኔት አለና። ስለዚህ ብረት በሚቆረጥበት ቦታ ማግኔት ያለው ምንም ነገር አይግዙ፤ የማግኔት ሽፋን፣ የማግኔት ማቆሚያ፣ በማግኔት የሚጣበቅ የቻርጀር ገመድ። የመጨረሻው በተለይ ያሳስታል፤ ቀዳዳውን ከመበላሸት ያድናል ተብሎ ይገዛል፣ ከዚያ ብናኙን ስቦ እግሮቹን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። ስፒከሩን በቴፕ ይሸፍኑት፤ ድሮዊንግ አይናገርም።

ታብሌትን ፋብሪካ ውስጥ የሚገድለው መውደቅ ብቻ አይደለም፤ የቻርጅ ቀዳዳው ነው። በዘይት በራሰ እጅ፣ በጥድፊያ፣ በየቀኑ ገመድ ይሰካበታል፤ ከወራት በኋላ ይላላል። ደንብ ያውጡ፦ ማሽን ክፍል ውስጥ ቻርጅ አይደረግም። በፎርማኑ ክፍል አንድ መደርደሪያ ይዘጋጅ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ታብሌቱ ተጠርጎ እዚያ ይሰካ። ለመጥረግ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካው ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ በረኪና ግን የስክሪኑን ሽፋን ይበላል። ባትሪው ስምንት ሰዓት እንዲደርስ የስክሪኑን ብርሃን ያለ ልክ አይጨምሩ፤ ካልደረሰ ያ መጠባበቂያው ይገባል። ታብሌቱን ቀን ከሌት ሶኬት ላይ ሰክቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት የሚኖር ሊቲየም ባትሪ ያብጣል፤ የኋላው ክዳን ከፍ ማለት ሲጀምር ያያሉ። ያን ጊዜ ወዲያው ከሥራ ያውጡት፣ አይጫኑት፣ አይውጉት። ቅንብሩ የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርጉ።

የብየዳ ቦታው ጉዳይ አጭር ነው። በያጁ ማስክ ለብሶ ስክሪን አያይም፤ የሚያነበው ከመጀመሩ በፊትና ሲለካ ነው። ስለዚህ አንድ ታብሌት ለሦስቱ ይበቃል፣ ከመጋረጃው ውጪ ይሰቀል። የብየዳና የሞላ (የመሞረጃ ማሽን) ፍንጣሪ ቀልጦ የሚበር ብረት ነው፤ መስታወት ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ ጉድጓድ ይተዋል። በላዩ የሚቀየር የፕላስቲክ ፊልም ይለጥፉ።

ጓንት ለብሶ የሚሠራ ሰው ተራ ስክሪን አይሰማውም፤ በኩላንት የራሰ ጣት ደግሞ ሳይታዘዝ ገጽ ይገለብጣል። ባለ ጎማ ጫፍ እስክሪብቶ በአጭር ገመድ ከማቆሚያው ጋር ይታሰር። ገመዱ በሰው ላይ ግን ፈጽሞ አይሁን። ታብሌት በማንገቻ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ወደ ቶርኖ ወይም ወደ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ ማሽን) መቅረብ መከልከል አለበት፤ የሚሽከረከረው ቸክ (የማሽኑ መያዣ) ገመዱን ከያዘው ሰውዬውን ይዞት ይሄዳል። ስለ ገንዘብ የጻፍኩትን ሁሉ ቢረሱት ይህን አይርሱብኝ።

ወደ ጣላችሁት ትዕዛዝ ልምጣ፤ ጥያቄዎን ሳነብ የቆረቆረኝ እሱ ነው። መሣሪያ ብቻውን ያንን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። የወረቀት አሮጌ ሪቪዥን ቢያንስ ቆሽሾና ተጨማድዶ ዕድሜውን ያሳብቃል፤ አሮጌ ፒዲኤፍ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። አንድ ሰው ሰነዱን ከመልእክት ላይ ያወርደዋል፣ «ዳውንሎድ» ውስጥ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ይወርዳል፣ ከስሙ ጎን 1፣ 2፣ 3 እየተጨመረበት ይደረደራል። ሠራተኛው ከላይ ያገኘውን ይከፍታል። አይኤስኦ 9001 የተባለው የጥራት አመራር ደረጃ በ2015 እትሙ ክፍል 7.5.3 ላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሰነዱ በሚፈለግበት ቦታና ሰዓት ይገኝ፣ ለውጡም ቁጥጥር ይኑረው።

ስለዚህ ታብሌቱ ላይ ፋይል አይቅዱ። ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር ይኑር፣ ከፋብሪካው ሰው ሁሉ የሚያነበው እንጂ የሚጽፍበት ያልሆነ። እዚያ ውስጥ የሚገኘው የጸደቀው ሪቪዥን ብቻ ነው፤ የቀድሞው ወዲያው ወደ መዝገብ ይወጣል፣ ማሽን ክፍል አይደርሰውም። የፋይሉ ስም የክፍሉ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ የሪቪዥን ቁጥር አይግባበት። ስሙ ካልተለወጠ አድራሻውም አይለወጥም፤ ያን ጊዜ አድራሻውን በኪውአር ኮድ አድርጎ በሥራ ትዕዛዙ ላይ ማተም ይቻላል። ሠራተኛው ኮዱን ያነሳል፣ የዛሬው ሪቪዥን ይከፈታል። ኪውአር ኮድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ዴንሶ የተባለው ኩባንያ የሠራው ለመኪና ዕቃ ፋብሪካ ነው፤ ቆሽሾ እንኳ እንዲነበብ የሚያስችል የራሱ ማረሚያ አለው። ከፍተኛውን ማረሚያ ቢመርጡ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ ያህሉ ተበላሽቶም ይነበባል። ዘይት ላለበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ሞኒተሮቹ ላይ ደግሞ ርካሽ ባለ ገመድ ኮድ አንባቢ ይሰካል፤ መስመር ኮድ ብቻ ሳይሆን እንደ ኪውአር ያለውንም ኮድ የሚያነብ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ሪቪዥኑና የጸደቀበት ቀን በትልቁ ይጻፍ፣ በሥራ ትዕዛዙ ላይ ካለው ጋር ሠራተኛው ራሱ ያስተያይ።

ይህ ሁሉ በዋይፋይ ነው የሚሄደው፤ ማሽን ክፍል ደግሞ የብረት ጫካ ነው። ማሠራጫውን ከማሽኖቹ በላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ እርስ በርስ እንዳይደራረቡ በብዛት የሚመረጡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ከአንድ በላይ ማሠራጫ ካላችሁ አንዱን ከአንዱ ለዩት። ሞኒተሮቹ ቋሚ ስለሆኑ በኬብል ይገናኙ፤ ሰባቱን ጭንቀት በዚህ ያስወግዳሉ።

ታብሌቶቹን ከሰነዱ በቀር ምንም እንዳይከፍቱ ይቆልፏቸው። አንድሮይድ ላይ አንድ መተግበሪያ ብቻ የሚተው አሠራር አለ፤ አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ ይባላል። የደንበኛ ድሮዊንግ የሚስጥር ከሆነ ታብሌቱን በይለፍ ቃል ይዝጉ፤ ካሜራው ኮዱን ብቻ እንዲያነብ ያድርጉ።

ይህን መልስ የሌላ ዓይነት ፋብሪካ ሰው እያነበበው ከሆነ፦ ዱቄት፣ ቀለም መርጫ፣ ነዳጅ ወይም ሶልቨንት ባለበት፣ አየሩ ሊፈነዳ በሚችልበት ክፍል ውስጥ ከላይ ያልኩት ምንም አይሠራም። እዚያ የሚገባው አቴክስ ወይም አይኢሲኢኤክስ የሚባለውን ማረጋገጫ ለዚያ ዞን ያገኘ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ርካሽ የለውም፣ አቋራጭም የለውም። ምግብ በሚመረትበት ደግሞ የተሰበረ ስክሪን ስብርባሪ ምርቱ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል በፕላስቲክ ፊልም ሳይሸፈን አይግባ።

አሁን ምን ያድርጉ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይግዙ። አንድ ሞኒተር አንድ ቶርኖ ላይ፣ አንድ ታብሌት አንድ መገጣጠሚያ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ፣ ለሁለት ሳምንት። የሚሰጡት ለሰነፉ ወይም ለአዲሱ ሠራተኛ ሳይሆን ብዙ ለሚያማርረው ነባር ባለሙያ ይሁን፤ እሱ የሚያማርረው ነገር እውነተኛ ነው። ወረቀቱን አይከልክሉት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ወረቀት ሊጠይቅ ስንት ጊዜ መጣ፣ የትኛውን ድሮዊንግ ፈልጎ? የሚመጣበት ድሮዊንግ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ የሚቀየረው መሣሪያው ሳይሆን ያ ድሮዊንግ ነው፤ በሁለት ገጽ ይከፈል ወይም ጽሑፉ ይጉላ። የተለያየ ከሆነ ስክሪኑ አንሷል። የሁለት ሳምንቱን መዝገብ ከትንሹ ቁጥር ልኬትና ከዓይን ርቀቱ ጋር ቢልኩልኝ፣ ለቀሪዎቹ ቦታዎች የሚሆነውን አብረን እንመርጣለን።